ኦቦ ዲሪርሳ ያልተነሡበት ወንበር

የሱሉልታው ኦቦ ዲሪርሳ በመነሣት የታወቁ ሰው ነበሩ። መሬት ሊገዛ የመጣ ደላላ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲናገር ይነሣሉ። የቀበሌ ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ልማቱን በተመለከተ» ሲል ይነሣሉ። ከተነሡ ደግሞ አለቀ፤ ኦቦ ዲሪርሳን መልሶ ያስቀመጠ ሰው እስካሁን አልተወለደም። መጀመሪያ የላክኋቸው ሽማግሌዎች «ልጅዎን ላሊሴን ለልጃችን ለባይሳ» ብለው «ለባይሳ» ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ቆመው ነበር። ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ «የታኅሣሥ አሥር እሑድ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ኑ» አሉ። «ካልመጣችሁ መልሱን እናንተው ነገራችሁኝ ማለት ነው።»

ባይሳ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ አሥር፣ ሁለት ሺህ ስምንት። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋት ነው፣ ወይም እኛን ወደ እሷ ሊጎትተን ነው ተብሎ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ሆኗል። ሚኒባስ የለም። ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ አንዱ ጠዋት ደውለው፣ «ልጄ፣ እኔ የማሸማግለው ሰው ነው፤ ድንጋይ አላሸማግልም» ብለው ቀሩ። የተረፉኝ ሁለት ናቸው። አንዱ የአባቴ አጎት ኦቦ ቢቂላ፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በሰበታ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ አብዱረዛቅ፣ ከመርካቶ ወጥተው ሰበታ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር።

መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን ደብቋል። ከፈቲያ በቀር። ፈቲያ ዓለም ገና ጋራዥ ያላት የመኪና ኤሌትሪሽያን ናት፤ እኔም እዚያው ጎማ ክፍል ነው የምሠራው። ከጀርመን ተጋጭታ የመጣች አንዲት መኪና ገዝታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽቦዋን ስትፈታና ስትቋጥር ኖራለች።

«ስማ» አለችኝ ቁልፉን ስትሰጠኝ፣ «ይቺ መኪና አንድ መኪና አይደለችም። ውስጧ ሃያ ትንንሽ ኮምፒውተር አለ። በሁለት ቀጭን ሽቦ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። መስታወቱ ያየውን ሞተሩ ይሰማል፣ በሩ ያለውን ራዲዮው ይሰማል።»

«እንደ እኛ ሰፈር በይኛ።»

«እንደ እናንተ ሰፈር። ስለዚህ ምንም አትንካ።»

ሌላ ችግር ደግሞ ነበር። ልጅ ለራሱ ሽምግልና አይሄድም፤ ነውር ነው። ሹፌር ግን አልተገኘም። ኦቦ ቢቂላ ጥቂት አሰቡና ከልጅ ልጃቸው ራስ ላይ ኮፍያ አውልቀው እኔ ራስ ላይ ደፉት። «ዛሬ ስምህ ኤርምያስ ነው። ሹፌር ነህ። ሹፌር አያፈቅርም፣ ይነዳል።» እሳቸው ለዚህ ቀን ብለው ጋቢያቸውን ቤት ትተው፣ የተተኮሰ ነጣ ያለ ካኪ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ጋሽ አብዱረዛቅ ከኋላ ገቡ። ቁልፉን ሳዞር ስክሪኑ በራ፤ አንዲት ሴት ረጅም ነገር ተናገረች።

ኦቦ ቢቂላ ደነገጡ። «ማን ናት?»

«መንገድ መሪ ናት። ሳተላይት እየሰማች ትመራለች።»

«ምን አለች?»

«ጀርመንኛ ነው። ፈቲያ እንደነገረችኝ ‹ስትችሉ ዞራችሁ ተመለሱ› ነው የምትለው። የድሮ ባለቤቷን ቤት ነው የምትፈልገው።»

ኦቦ ቢቂላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ «እኅቴ፣ ሽማግሌ አይመለስም» አሏት። ሴትዮዋ ዝም አለች።

«ኦሮምኛ ትሰማለች» አሉ ጋሽ አብዱረዛቅ ከኋላ። «እንግዲህ ሦስተኛ ሽማግሌ ተገኘ።»

ዋናው መንገድ ስለተዘጋ በአቧራው የውስጥ መንገድ ወደ መናገሻ አቅጣጫ ሄድን። ሐሳባችን የአምቦን አስፋልት ይዘን፣ በገፈርሳ አድርገን ቡራዩ፣ ከዚያ በአዲሱ ገበያ ሱሉልታ መውጣት ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀስት በነጭ ባዶ ሜዳ ላይ ትሄዳለች። ኦቦ ቢቂላ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

ጋሽ አብዱረዛቅ የቀድሞ ክፍላቸው የገቡ ይመስል ድምፃቸውን አስተካከሉ። «ሳተላይቱ የሚነግራት ቁጥር ብቻ ነው፤ ይሄን ያህል ሰሜን፣ ይሄን ያህል ምሥራቅ። ካርታው ሌላ ነው፤ እሱ ሆዷ ውስጥ ተጭኖ ነው የመጣው። የተጫነላት ደግሞ የአውሮፓ ነው። ስለዚህ ያለንበትን ቁጥር በትክክል ታውቃለች፤ ቁጥሩ ላይ ምን አገር እንዳለ ግን አታውቅም።»

«ሰበታ የለችም?»

«የለችም።»

«ቡራዩስ?»

«የለችም።»

«አዲስ አበባስ?»

«እሷም የለችም።»

ኦቦ ቢቂላ ነጩን ሜዳ ለረጅም ጊዜ አዩት። «በዚህ ዓመት ካሳዩን ካርታ ሁሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምንም ያልወሰደብን ይሄ ነው።»

አስፋልቱ ጋ ልንደርስ ስንል ድንጋይ ተደርድሯል። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ከበቡን። አንዱ በመስኮቴ በኩል አንገቱን አስገባ። «ቅጠል የታለ?»

«የምን ቅጠል?»

«ያለ ቅጠል መኪና አያልፍም፣ ብሮ። ከማን ጋር እንደሆንክ በምን እንወቅ?» መልሴን ሳይጠብቅ ከቦዩ ውስጥ ውኃ የሚያንጠባጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንሥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈልን።

ያኔ ነው መኪናዋ የነቃችው። የዚያች መኪና ዝናብ መጥረጊያዎች እንደሌላው መኪና ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አንዱ ከቀኝ ጥግ፣ አንዱ ከግራ ጥግ ይነሡና መሀል ላይ ይጣመራሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ሁለቱም ብድግ አሉ። ቅርንጫፉ ያዛቸው። እንደተጣመሩ ቀጥ ብለው ቀሩ።

በዚያ ሰሞን እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት የተቃውሞ ምልክት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ወጣቶቹ መኪናዋን አዩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የተነሣው ጩኸት መናገሻ ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«መኪናዋም! መኪናዋም ብላለች!»

ሃያውም እጃቸውን አጣምረው መለሱላት። ድንጋዩ በአንድ ደቂቃ ተነሣ። አንዱ ኮፈኗን ሳማት። «ስሟ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሹፌር ነኝ፣ ስም አላውቅም አልኩት። ጋሽ አብዱረዛቅ በኋላ መስኮት እንደ ሚኒስትር እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ደስታችን ኩርባው ድረስ ነው የቆየው። ከኩርባው ማዶ ገፈርሳ ግድብ፣ ከግድቡ አጠገብ ወታደሮች ቆመዋል። እኛ ደግሞ መስታወታችን ላይ ያንን ምልክት ሰቅለን ነው የምንደርሰው። ዳር ይዤ ፈቲያ ጋ ደወልኩ።

«ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም! ቅጠል አደረጉበት፣ ተነሡ!»

«እርጥብ ቅጠል?»

«እርጥብ።»

ሳቋን ለማቆም ጊዜ ወሰደባት። «ከስፖኪዮው ጀርባ ዓይን አለልህ። ብርሃን ወደ መስታወቱ ይልካል። መስታወቱ ደረቅ ከሆነ ብርሃኑ ሙሉውን ይመለሳል፣ እርጥብ ከሆነ ያመልጣል። የተመለሰው ካነሰ ዓይኑ ‹ዘነበ› ብሎ ይናገራል። ቅጠሉን አንሣና መስታወቱን አድርቅ፤ ራሳቸው ቤታቸው ይገባሉ።»

«ምንም አትንካ ብለሽኝ!»

«ይሄን ንካ፣ አንተ ሰው!»

ቅጠሉን ወርውሬ መስታወቱን በኮፍያዬ አሸሁት። መጥረጊያዎቹ አንዴ ጠረጉና እንደ ጨዋ ልጅ ተጋደሙ። ወታደሮቹ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ምንም የማታውቅ መስላ ነበር። አንድ ልጅ እግር ወታደር በአንድ እጁ የውኃ ኮዳ ይዞ ቦሎውን ሊያይ ወደ መስታወቱ ተጎነበሰ። ከኮዳው ውኃ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

መጥረጊያዎቹ ተነሡ፣ ተጣመሩ፣ ተላቀቁ፣ ደግሞ ተጣመሩ።

ወታደሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ራሷ ናት! ዝናብ ሲዘንብ ራሷ ነው የምትሠራው።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የታኅሣሥ ሰማይ ነው፤ የጥፍር ታህል ደመና የለበትም። «ዝናብ የታለ?»

«አጥፋት!» አለ ሁለተኛው ከኋላ።

«በርታ መቼ!» አልኩ። ይሄ መልስ አልነበረም።

ኦቦ ቢቂላ ከዘራቸውን መሀላችን ካለው ማርሽ አጠገብ ተክለው በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉና ወደ መስኮቱ ዘለቅ አሉ። «ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ለልጅ ሚስት ልንጠይቅ ነው። መኪናዋ የሰው አገር ናት፣ ሥርዓት ተምራ ነው የመጣች። እጅ እየነሣችህ ነው።»

ወታደሩ መኪናዋን አየ። እሷም ደግማ እጅ ነሣች። የልጁ ከንፈር ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሊያመልጠው ሲል ነክሶ ያዘው። «ይበቃታል በላት» አለ። «እለፉ።»

መቶ ሜትር ያህል ራቅን። ከዚያ ጋሽ አብዱረዛቅ የኋላ ወንበሩን እየደበደቡ «አላህ! ኦቦ ቢቂላ! እጅ እየነሣችህ ነው!» እያሉ ሳቁ፣ እኔም መሪውን ይዤ ሳቅሁ፤ ኦቦ ቢቂላም ሳቁ። ከዚያ የእሳቸው ሳቅ በመሀል ተቆረጠ።

ፊታቸው አንድ ከባድ ወሬ የሰማ ሰው ፊት ሆነ።

«አባባ፣ አመመዎት?»

«መንገድህን እይ።»

መስኮቱን ከፍተው ብርዱን በፊታቸው ተቀበሉ። በሁለት እጃቸው ተደግፈው ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው ቀስ ብለው ዐረፉ። ቡራዩ ላይ ውኃ ልንገዛ ስንቆም ጋሽ አብዱረዛቅ «ወረድ ብለው እግርዎን ያፍታቱ እንጂ» ቢሏቸው፣ «እግሬ ምን በደለህ?» ብለው ተቆጧቸው። ከዚያ እስከ ሱሉልታ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሳይነቃነቁ ሄዱ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ «ተመለሱ» አለች። በሁለተኛው ጊዜ ኦቦ ቢቂላ «እውነቷን ሳይሆን አይቀርም» ሲሉ ሰማሁ።

ኦቦ ዲሪርሳ በር ላይ ስንቆም ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። በሰዓቱ ደርሰናል! ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው።

«አልወርድም» አሉ ኦቦ ቢቂላ።

«እንዴት?»

«አልወርድም አልኩህ!» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጋሽ አብዱረዛቅ ተደናግጠው ብቻቸውን ወደ አጥሩ ሄዱ። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ፈቲያ ናት።

«ደረሳችሁ? አንድ ነገር ረስቼ ነው። ማርሹ አጠገብ የወንበር ሥዕል ያለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ። ቀይ መብራታቸው እንዳይበራ ተጠንቀቅ፤ ባትሪ ይበሉብኛል።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ወንበር ያሞቃሉ። ከቆዳው ሥር እንደ ምድጃ ሽቦ አለ። ጀርመን ብርድ ነው እኮ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቂጥህ ሥር... ምን ልበልህ፣ የማያውቅ ሰው ሌላ ነገር የሆነ ነው የሚመስለው። አንዱ ደንበኛዬ ሱሪ ሊቀይር ቤቱ ሄዶብኛል።»

ወደ መኪናው ውስጥ አየሁ። በኦቦ ቢቂላ በኩል ያለው ቁልፍ ላይ፣ ከዘራቸው የተተከለበት ቦታ፣ ቀይ መብራት በርቷል። ምስኪን! ወታደር ፊት ልበ ሙሉ ሆነው ሲወጡ፣ ገላቸው ከድቷቸው ያፈሩ መስሏቸዋል። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ግን የአጥሩ በር ተበረገደ።

ኦቦ ዲሪርሳ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው፤ ነጭ ሱሪያቸውና ኮታቸው ላይ ጉድፍ የለም። የሚያብረቀርቀውን መኪና ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «የመሬት ሰዎች ከሆናችሁ...» ብለው ከዘራቸውን አነሡ፤ ወዲያው ኦቦ ቢቂላን አዩ። «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቢቂላ! ይግቡ እንጂ። ሽማግሌ መኪና ውስጥ ሆኖ ልጅ ይጠይቃል እንዴ?»

ሁላችንም ወደ ኦቦ ቢቂላ ዞርን። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ የዕድሜ ልክ ሽምግልናቸው ደረሰላቸው።

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ ደጅዎን የረገጠ ሁሉ መሬትዎን ብሎ ነው የረገጠው። እኔ መሬትዎን አልፈልግም። ልጅዎን እስኪሰጡኝ ድረስ እግሬ አፈርዎን አይነካም።»

ኦቦ ዲሪርሳ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። እንዲህ ብሎ የመጣባቸው ሰው አልነበረም። «እንግዲያው እኔ ልምጣ» አሉ፤ ዞረው በሹፌሩ ወንበር፣ በእኔ ቦታ፣ ተቀመጡ። ጋሽ አብዱረዛቅም ተመልሰው ከኋላ ገቡ።

እምላለሁ፣ አላሰብኩበትም። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሄደው። «ይቅርታ አባባ፣ ማርሹን ላስተካክል» ብዬ በመሀላቸው ጎንበስ አልኩና ሁለተኛዋን ቁልፍ ተጫንኳት። ቀይ መብራቷ በራች። ወጥቼ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ሦስት ደቂቃ!

«በአጭሩ ልናገር» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «ልጁን አልጠላሁትም። ጊዜውን ነው የጠላሁት። ትናንት ከዚህ ሰፈር ሁለት ልጆች ተወስደዋል፤ እናቶቻቸው እዚያ ማዶ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እኔ በጥር ድንኳን ልጥል? የሚታረሰው መሬት የማን እንደሚሆን አላውቅም፤ የልጅ ልጅ የት ላስቀምጥ ነው? ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄው ነው መልሴ።» እጃቸው የበሩን መክፈቻ ያዘ። ሊነሡ ነው። ከተነሡ አለቀ።

እጃቸው መክፈቻው ላይ ቀረ።

ዓይናቸው ቀስ ብሎ ፈጠጠ። ወደ ታች ሊያዩ ፈለጉ፤ ፈሩ። ነጩን ሱሪያቸውን አሰቡ። ደጁን አሰቡ፤ በአጥሩ ላይ ግማሽ ሰፈር አንገቱን አስግጎ ቆሟል። እጃቸውን ከመክፈቻው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ምን... ምን ልትሉ ነበር?» አሉ ቀጭን ድምፅ አውጥተው።

ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ንግግር መሀል ተነሥተው የሄዱ ሰው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር እስከ ጫፉ ሰሙ። ኦቦ ቢቂላም መሄጃ ስላልነበራቸው ሳይቸኩሉ ተናገሩ።

«ሠርግ የሚደገሰው ደስ ሲል ብቻ አይደለም፣ ኦቦ ዲሪርሳ። እኔ ስዳር ወረርሽኝ ነበር፤ አባቴ ግን ደገሱ። ለምን ቢሏቸው፣ ‹በሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ነን ለማለት ነው› አሉ። ያለቀሱትን እናቶች ድንኳኑ ውስጥ ከፊት እናስቀምጣቸው። ልጆቹ እስኪፈቱ ከበሮ አይመታም ካሉም አይመታ። መሬቱን ግን ልጅ የማይወለድበት ካደረግነው፣ ካርታ የያዘው ሰውዬ ምን ሥራ ቀረለት?»

ኦቦ ዲሪርሳ ተነፈሱ። አንዴ ተነቃነቁ። ወዲያው ተጸጽተው ቀጥ አሉ። «ልጁ... ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ወርቅ ነው።»

«ይጠጣል?»

«በልኩ።»

«እሺ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

«እሺ ማለት?»

«ሰጥቻለሁ ማለት ነው! ኤዬ! ሰጥቻለሁ!»

ጋሽ አብዱረዛቅ ከኋላ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩን ከፍተው ዘለሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን አልወረዱም። ተመራረቁ፤ አልወረዱም። ስለ ጥሎሽ ቀን ተነጋገሩ፤ አልወረዱም። ስለ ዘንድሮ ስንዴ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ኦቦ ዲሪርሳ በመስኮቱ ጮኹ፤ «ላሊሴ! ጋቢ አምጪልኝ!»

«ሁለት!» አሉ ኦቦ ቢቂላ።

ላሊሴ ሁለት ጋቢ ታቅፋ መጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አጠገቤ ስትደርስ በከንፈሯ ጫፍ፣ «ሹፌሩ፣ ያምርብሃል» አለችኝ፤ «ሙድ አትያዢብኝ» አልኳት። ሁለቱ አባቶች በጠራራ ፀሐይ ጋቢ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተከናንበው፣ አንዱ አንዱን ለማስቀደም እየተግደረደሩ፣ ጎን ለጎን ወደ ግቢ ገቡ። ኦቦ ዲሪርሳ በቀጥታ ወደ ጓሮ ታጠፉ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ያው ነጭ ሱሪ ነው። ጋቢው የለም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መኪናዋ ሄደው መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ። ቆዩ።

«ይሄ ወንበር ይሞቃል እንዴ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ይሞቃል፣ አባባ።»

«ማን ነው ያሞቀው?»

«እኔ።»

«ስምህ ማን ነው?»

ኮፍያዬን አወለቅሁ። «ባይሳ።»

ከዘራው ከመሬት ሲነሣ አየሁ። ቃላቸውን ሊያነሡ ነው፤ ላሊሴ አጥሩ ጋ ቆማ አፏን ይዛለች። ኦቦ ዲሪርሳ አንድ ነገር ሊናገሩ ጀመሩና ቆሙ። «ቆይ» አሉ። «ቢቂላም?»

«እሳቸውስ ከገፈርሳ ጀምሮ ነው።»

የከዘራው ጫፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትከሻቸው ተከተለ። ኦቦ ዲሪርሳ መኪናዋን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሱሉልታ እሳቸው ሲስቁ አይታ አታውቅም፤ አጥሩ ላይ የነበረው ሰፈር ተደናግጦ ወረደ። «‹እግሬ አፈርዎን አይነካም› አለኝ እኮ! እኔም ነጥብ ሰጠሁት!»

«ቃልዎስ?» አልኩ።

«ቃሌን ወንበር አልሰጠውም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። የሰማሁትን ሰምቼ ነው።» ዓይናቸውን ጠርገው ተመልሰው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተደላደሉ። «አብራው እስቲ። የሱሉልታ ብርድ ወገቤን ከበላው ስንት ዘመኑ። ለቢቂላ ደግሞ እንዳትነግር፤ የጥሎሽ ቀን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው የምደራደረው።»

አበራሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

ያኔ ኦቦ ቢቂላ ከግቢ ወጡ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለውታል፤ ካኪያቸው ደርቋል፤ እግዜር በቸርነቱ ያደረቀላቸው መስሏቸው ፊታቸው በርቷል። ኦቦ ዲሪርሳን መኪናው ውስጥ፣ ያው ወንበር ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዩዋቸው ግን ቆሙ። በእሳቸው የደረሰው በሰውዬውም የደረሰ መሰላቸው። ማንም እንዳይሰማ ጠጋ ብለው ጋቢውን አወረዱና በሰውዬው ጉልበት ላይ ዙሪያውን አለበሱላቸው።

«አይዞዎት፣ ወንድሜ» አሉ በሹክሹክታ። «በዚህ ጊዜ ያልፈራ ማን አለ?»

ሊስቁ የነበሩት ኦቦ ዲሪርሳ አልሳቁም። ጋቢውን በሁለት እጃቸው እስከ ደረታቸው ሳቡት።

«ማንም» አሉ፤ እኔን ግን በአንድ ዓይናቸው፣ ቁልፏን እንዳትነካ ብለው አዩኝ።